መሥፈርት ሲዳኝ፦ ያልተሸነፈው ኳርተርባክና የተዘጋው በር

«ከሁሉ የላቀው ኳርተርባክ ማን ነው?» የሚለው ክርክር በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ወዳጆች ዘንድ ማለቂያ የለውም። አንዱ የድል ቁጥር ይጠራል፤ ሌላው ኳሱ የተወረወረበትን ርቀት ይለካል፤ ሦስተኛው ሽልማት ይደረድራል። ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ፣ ኳርተርባክ ማለት የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው ተጫዋች ነው። ኳሱን ይወርውር፣ ለሌላ ያቀብል ወይስ ራሱ ይዞ ይሩጥ የሚለውን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይወስናል። በአጭሩ አዛዥ ነው። ጉዳዩ ከሜዳ ወጥቶ ወደ ፖለቲካ የሚገባውም በዚህ በኩል ነው። «ጥቁር ሰው ማዘዝ ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ የተጠየቀው በምርጫ ጣቢያና በመሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን በፉትቦል ሜዳም ጭምር ነበርና።

ቸክ ኢሊ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ከ1969 እስከ 1971 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኦሃዮውን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መራ። 35 ጊዜ ተሰለፈ፤ 35 ጊዜ አሸነፈ። አንድም ሽንፈት፣ አንድም አቻ የለበትም። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ በየዓመቱ መጨረሻ የተጫወተበትን የታንጀሪን ቦውል ግጥሚያም ሦስቱንም ጊዜ ረታ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላም የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ በሩን አልከፈተለትም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ «መሥፈርቱን አያሟላም»። አዳራሹን የሚያስተዳድረው ናሽናል ፉትቦል ፋውንዴሽን ለዕጩነት ከሚጠይቃቸው ነጥቦች ዋነኛው፣ ተጫዋቹ በኮሌጅ ዘመኑ እውቅና ካላቸው መራጮች በአንዱ በ«ኦል አሜሪካን» የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ መካተቱ ነው። ኦል አሜሪካን ማለት ጋዜጠኞች፣ የዜና ወኪሎችና የአሠልጣኞች ማኅበር በየዓመቱ የሚያወጡት የምርጦች ዝርዝር ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አዳራሹ የሚፈርደው ተጫዋቹ በሠራው ላይ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ሌሎች ሰዎች በሰጡት ፍርድ ላይ ተመሥርቶ ይፈርዳል።

በዚያው 1971 የሄይስማን ሽልማትን የወሰደው የኦበርኑ ኳርተርባክ ፓት ሰሊቫን ነበር፤ ኢሊ በድምፅ 8ኛ ወጣ። ሰሊቫን ድንቅ ተጫዋች መሆኑን የሚክድ የለም። በሦስቱ ዓመታት የእርሱ ኦበርን 26 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። በ1971 ደግሞ በአላባማ 31 ለ 7፣ በሹገር ቦውል በኦክላሆማ 40 ለ 22 ተረታ። ሰሊቫን በ1991 ወደ አዳራሹ ገባ፤ ይገባዋልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ 26 ለ 7 የሚያስገባ ከሆነ፣ 35 ለ 0 እንዴት ለውይይት እንኳ የማይቀርብ ይሆናል?

ተቃራኒውን ክርክር በቅንነት ማየት ተገቢ ነው። «ቶሌዶ የተጫወተው በአነስተኛ ሊግ ነው፤ ኦበርን ግን ኃያላኑን ገጥሟል» ይባላል። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ቶሌዶ በ1970ም በ1971ም በአሶሽየትድ ፕሬስ የመጨረሻ ደረጃ ውስጥ ከአገሪቱ 20 ምርጥ ቡድኖች አንዱ ሆኖ ነው ዓመቱን የፈጸመው። ደግሞስ የተጋጣሚ ጥንካሬ በድምፅ ሰጪዎች ፊት ቀርቦ የሚመዘን ነገር እንጂ ዕጩው ገና ደጃፍ ላይ ሳለ የሚባረርበት ሰበብ ነውን?

የኢሊ ነገር በኮሌጅ አላበቃም። በ1972 ለኤን ኤፍ ኤል ቡድኖች «የምጫወተው ኳርተርባክ ሆኜ ብቻ ነው» ብሎ አሳወቀ። ጥቁር ኳርተርባኮችን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ልማድ የነበረበት ዘመን ነው። ምርጫው 17 ዙር ሄደ፤ አንድም ቡድን ስሙን አልጠራም። ወደ ካናዳ ተሻግሮ በዚያው ዓመት ሃሚልተንን ለግሬይ ካፕ ዋንጫ አበቃ፤ የፍጻሜው ኮከብም ተባለ። ካናዳውያን በ2022 በራሳቸው የዝና አዳራሽ አስገቡት። በባዕድ አገር የታየው ችሎታ በገዛ አገሩ አዳራሽ ወረቀት ጎደለው ማለት ነው።

«ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ጆ ሞንታናም አልገባም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ኖትር ዳምን በ1977 ለአገር አቀፍ ሻምፒዮንነት ያበቃው ነጩ ሞንታና የመጀመሪያው የኦል አሜሪካን ቡድን ውስጥ አልተካተተም። ሞንታና ግን ከዚያ በኋላ ኤን ኤፍ ኤል በሩን ከፍቶለት አራት ሱፐር ቦውል አሸንፏል፤ በ2000 በባለሙያዎቹ የዝና አዳራሽ ገብቷል። ለእርሱ የኮሌጁ አዳራሽ ከብዙ በሮች አንዱ ነው። ሌሎቹ በሮች ለተዘጉበት ሰው ግን ያው እኩል የተባለ ሕግ እኩል አይመዝንም።

መሥፈርቱን ማሟላትም ቢሆን ዋስትና እንዳልነበረ የሳንዲ ስቲቨንስ ታሪክ ይመሰክራል። ስቲቨንስ ሚኔሶታን በ1960 ለአገር አቀፍ ሻምፒዮንነት ያበቃ፣ በ1961 በዋና ዋና ኮሌጆች የኦል አሜሪካንን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ፣ በጥር 1962 በሮዝ ቦውል ዩ ሲ ኤል ኤን 21 ለ 3 ሲረቱ የግጥሚያው ኮከብ የነበረ ሰው ነው። የሚፈለገው ወረቀት ሁሉ በእጁ ነበር። አዳራሹ ያስገባው ግን በ2011 ነው፤ ስቲቨንስ የሞተው በ2000። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ለአንዱ መሥፈርቱ መከልከያ ሆነ፤ ለሌላው መሟላቱ አልጠቀመም።

«መሥፈርት አይነካም» የሚለውም መከላከያ ከእንግዲህ አይሠራም። ለአሠልጣኞች ዕጩነት ይጠየቅ የነበረው 60 በመቶ የድል መጠን በ2025 ወደ 59.5 ዝቅ እንዲል፣ ከ2027 ጀምሮም እንዲሠራበት ተወስኗል። በዚህም በ2022 ያረፈው፣ 158 አሸንፎ 107 የተሸነፈው ማይክ ሊች በሩ ተከፈተለት። ውሳኔው ትክክል ነው፤ ጨዋታውን የለወጠ ሰው በጥቂት ነጥብ ስብርባሪ መቅረት አልነበረበትም። ግን ግማሽ ነጥብ ማንቀሳቀስ የሚቻል ከሆነ፣ አንድ የምርጫ ዝርዝር የዘነጋውን ሰው እንደገና ማየት የማይቻለው ለምንድን ነው?

በእኔ እምነት መፍትሔው ሰዎችን በርኅራኄ ማስገባት አይደለም። ኦል አሜሪካን መባል አንድ ማስረጃ ይሁን እንጂ ብቸኛ ቁልፍ አይሁን፤ የሥራው መዝገብ በራሱ ለዕጩነት ይብቃ፤ ከዚያ ድምፅ ሰጪዎች በግልጽ ተከራክረው ይወስኑ። «አትበቃም» ተብሎ በክርክር መሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ጉዳይህ አይታይም መባል ሌላ።

ትናንት ያዳላ ዳኛ የጻፈውን ዝርዝር ዛሬ እንደ ገለልተኛ ሰነድ የሚቀበል ተቋም፣ ራሱ ምንም ሳያዳላ የትናንቱን አድልዎ ያስፈጽማል። ይህ ደግሞ በፉትቦል አዳራሽ ብቻ የሚታይ በሽታ አይደለም።