ማሳሰቢያ፦ «ነፃ ኦፊስ» ለምታስጭኑ የደሃና ወረዳ ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች

በአምደወርቅም ሆነ በሰቆጣ ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ ማይክሮሶፍት ኦፊስ አብሮ ይጫናል። የፈቃድ ክፍያውን ማንም አያነሣውም፤ ክራክ ተደርጎ ይከፈታል፣ ባለቤቱም «በነፃ ተጫነልኝ» ብሎ ይሄዳል። የሴክተር መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ መምህራንና የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች፣ ይህ ነፃ አይደለምና ተጠንቀቁ።

ክራኩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ አንቲ ቫይረሱን እንድታጠፉ ነው። ቀጥሎ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንድትሰጡት ይፈልጋል። ሁለቱን ከፈቀዳችሁለት በኋላ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የምታውቁበት መንገድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው የታወቀ የኦፊስ ክራክ ስም ክሪፕትቦት የተባለ የይለፍ ቃል ሰራቂ እየተሠራጨ መሆኑን አጋልጠዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ በአንድ ማሽን ላይ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር፣ የመምህራን ፔሮልና የተማሪዎች ሮስተር አብረው ይቀመጣሉ። ፍላሽ ከወረዳ ወደ ቀበሌ በተመላለሰ ቁጥር ቫይረስም አብሮ ሊጓዝ ይችላል። በሕግም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከቅጂ መብት ጥበቃ ውስጥ አካትቶታል።

በእውነት ነፃ የሆነው ሊብሬኦፊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ የወጣ ሲሆን ዶክመንት ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ያስተዳድረዋል። አክቲቬሽን የለውም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አንዱ አውርዶ በፍላሽ ለወረዳው ሁሉ ቢያድለው የአጠቃቀም ፈቃዱ አይከለክልም። ለደብዳቤ፣ ለቃለ ጉባኤ፣ ለሪፖርት፣ ለትምህርት ዕቅድና ለሮስተር ይበቃል፤ አብዛኞቻችን ደግሞ ከዚህ ያለፈ ሥራ የለንም። ያለ ኢንተርኔት መሥራቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ማንም አይረሳውም። ጉግል ዶክስን የመሰለ በኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ አገልግሎት በእንዲህ ያለ ጊዜ አያስተማምንም። ማይክሮሶፍት 365 እንኳ ተከፍሎበትም በወር አንድ ጊዜ ያህል ኢንተርኔት ካላገኘ ሰነድ ማረም ይከለክላል።

ሆኖም ዘላችሁ አትግቡ። ከዞን ወይም ከክልል የሚላክ፣ ማክሮ ያለበት የኤክሴል ቅጽ በሊብሬኦፊስ ሊበላሽ ይችላል፤ የፋይናንስ ሠራተኞች በቅጂው ላይ ሳትሞክሩ አትቀይሩ።

ከሁሉ የሚያደክመው የፊደል ጉዳይ ነው። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ይሆናል። ጥፋቱ የሊብሬኦፊስ አይደለም፤ ፎንት የሌለው ማይክሮሶፍት ወርድም ያንኑ ያሳያችኋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ለኽምጥኛ የሚያገለግለው «ጘ»ም እዚያው አለ። እንግዲህ አሮጌውን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ለውጡ፣ አዲሱን አቢሲኒካ ወይም ኖቶ በተባሉት ነፃ ፎንቶች ጻፉ። ሌላ መሥሪያ ቤት የሚደርስ ደብዳቤ ገጹ እንዳይዛባ በፒዲኤፍ ይላክ።

ቀን ስትመዘግቡም እንዲሁ አስተውሉ። ኤክሴልም ሆነ የሊብሬኦፊሱ ካልክ የኛን አቆጣጠር እንደ ፈረንጅ ቀን ነው የሚያነቡት። ጥቅምት 30ን «30/2/2018» ብትሉት የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው ተራ ጽሑፍ ያደርጉታል፤ 13ኛውን ወር ጳጉሜንንም በትክክል አያነቡትም። በቀን ቅደም ተከተል ስትደረድሩ እነዚህ መዝገቦች ከቦታቸው ይወጣሉ። ቀን፣ ወርና ዓመትን በየራሳቸው ዓምድ ጻፉ።

ፕሮግራሙን ከሊብሬኦፊስ ዶት ኦርግ ብቻ አውርዱ፤ ማስታወቂያ ከሞላባቸው ገጾች አትውሰዱ። ኦፕንኦፊስ የሚለውን የቆየ ስም አይታችሁም አትሳቱ፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ጥገና እንጂ ትልቅ እድሳት አላየም።

ክራክ በገባበት ማሽን ላይ ሊብሬኦፊስን ደርቦ መጫን ቫይረሱን አያስወጣም። ሰነዶቻችሁን ብቻ ቅዱ፤ ሴትአፕና ክራክ ፋይል አብራችሁ አትውሰዱ። ከዚያ ማሽኑን ፎርማት አስደርጉ፣ የቀዳችኋቸውን በአንቲ ቫይረስ ሳታስፈትሹ አትመልሱ። በዚያ ማሽን ላይ የተጠቀማችሁባቸውን የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃሎች ደግሞ ክራክ ካልነካው ሌላ ማሽን ወይም ከስልካችሁ ዛሬውኑ ቀይሩ።