ከመኪናው አትውረዱ



በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ኢንቦክሴ በንስርና በጥንብ አንሳ ፎቶ ይሞላል። ደስ ይለኛል። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ታንቀላፉ የነበራችሁ ልጆች ዛሬ የአቃቂን ሜዳ በሌንስ ስታስሱ ማየት ለአስተማሪ ትልቅ ደመወዝ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከምትልኩልኝ ፎቶ ብዙው አንድ ዓይነት ነው። ወፉ ጀርባውን ሰጥቶ እየሸሸ! ከዚያ "ቲቸር፣ ምን ዓይነት ሌንስ ልግዛ?" የሚል ጥያቄ ይከተላል።

መልሴ አጭር ነው። የሌንሱን ጉዳይ ለጊዜው ተዉትና ከመኪናው አትውረዱ።

ይህን የምለው ለስንፍና ብዬ አይደለም። ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ወፍ ሲራመድ ለወፉ አዳኝ ነው። ንስር ደግሞ ከሰው በእጥፍ አጥርቶ የሚያይ ፍጥረት ስለሆነ፣ እናንተ ሳታዩት በፊት እሱ ቆጥሯችኋል። መኪና ግን እጅ የለውም፣ ፊት የለውም፣ አያደባም። በየቀኑ በመንገዱ ያልፋል፤ ማንንም ሲበላ አልታየም። ስለዚህ የቆመ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ለወፉ የመኪናው አካል ነው። በሩ ተከፍቶ አንድ እግር መሬት ሲነካ ግን ጨዋታው አለቀ።

"ቢበርስ ምን ይሆናል? ክንፍ አለው አይደል?" የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው ልብ ብላችሁ እንድታነቡኝ የምፈልገው።

ከጥቅምት እስከ መጋቢት በአቃቂና በአባ ሳሙኤል ዙሪያ የምናያቸው ብዙዎቹ ንስሮች እንግዶች ናቸው። የስቴፕ ንስር የሚፈለፈለው በሩሲያ፣ በካዛኪስታንና በዚያ አካባቢ ሣራማ ሜዳ ላይ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ፣ አብዛኛው ቀይ ባሕርን በጠባቡ በባብ ኤል ማንደብ በኩል ተሻግሮ ነው ወደኛ የሚመጣው። ለምን በጠባቡ? ምክንያቱም እነዚህ ትላልቅ ወፎች ርቀቱን ክንፋቸውን እያርገበገቡ አይችሉትም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ በሚወጣው ሞቃት አየር ላይ ተንሳፈው ነው የሚጓዙት። በውኃ ላይ ያ አየር እንደ ልብ አይገኝም።

አሁን ነገሩን ወደ አቃቂ ማለዳ አምጡት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ የሚያነሳ አየር የለም። ንስሩ አጥር ላይ ወይም የታረሰ ማሳ ጓል ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይን ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት ብታስነሱት በጡንቻው ጉልበት ብቻ ነው የሚበረው። ለመመለሻ ጉዞው የሚያጠራቅመውን ስብ ነው ያቃጠላችሁበት። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያስነሳው ይችለው ይሆናል። ግን ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር አምስት ካሜራ ተራ በተራ ቢያስነሳውስ? እኛ ላይክ ስንሰበስብ እሱ ከስንቁ ይከፍላል።

የሚከፍለው ደግሞ ተርፎት አይደለም። የስቴፕ ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው። ነጠብጣባማው ትልቁ ንስርና የምሥራቁ ንጉሣዊ ንስርም ለአደጋ የተጋለጡ ተብለው ተመዝግበዋል። የኛዎቹ ነዋሪዎች ደግሞ ይብሳሉ። በቄራ አካባቢ ጣሪያ ላይ የምታዩት ትንሹ ባለ ኮፍያ ጥንብ አንሳ፣ የሩፔል ጥንብ አንሳና ነጭ ጀርባው ጥንብ አንሳ ሦስቱም በዚያው ዓመት ወደ መጨረሻው የአደጋ ደረጃ ገብተዋል። ልጅ ሆነን "አሞራ" ብለን ድንጋይ የምንወረውርበት ወፍ ዛሬ ከጥቁር አውራሪስ እኩል የጭንቅ መዝገብ ላይ ነው ማለት ነው።

ጥንብ አንሳ ቢጠፋ ምን እንደሚመጣ ማወቅ የፈለገ ሕንድን ይይ። እዚያ ለከብት ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ በጥንብ በኩል ወደ ወፎቹ ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረገፋቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ለከብት እንዳይሰጥ ሲታገድ አብዛኛው አልቆ ነበር። ጥንቡን የወረሰው የባዘነ ውሻ ነው፤ ከውሻ ጋር ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። የጥንብ አንሳ ጨጓራ አባሰንጋን ሳይቀር የሚፈጭ ኃይለኛ አሲድ ነው። ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ማለት እሱ ነው።

እሺ፣ ከመኪና ውስጥ እንዴት ይነሳል?

አንደኛ፣ ሹፌሩና ፎቶ አንሺው አንድ ሰው አይሁኑ። በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ሲኖትራክ ከኋላ እየመጣ በመስኮት ንስር የሚፈልግ ሹፌር ራሱ ለጥንብ አንሳ የታጨ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ ለወፍ ብሎ መቆም ፈጽሞ አይታሰብ።

ሁለተኛ፣ መስኮቱን ቀድማችሁ አውርዱ፤ ወፉ አጠገብ ደርሶ የሚወርድ መስታወት እንቅስቃሴም ድምፅም ነው። ቀጥ ብላችሁ አትሂዱበት። የምታልፉ መስላችሁ በጎን በኩል ቀስ በሉ፤ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ።

ሦስተኛ፣ ሞተር አጥፉ። የሞተሩ ንዝረት የ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ሲደርስ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። ለድጋፍ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የጨርቅ ከረጢት በሽምብራ ወይም በሩዝ ሞልታችሁ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጡና ሌንሱን አስተኙበት። ተቀምጦ ላለ ወፍ ይበቃል። ሲነሳ መያዝ ከፈለጋችሁ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ አድርጋችሁ ጠብቁ። ረፋድ 4 ሰዓት ካለፈ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ስለሚያንቀጠቅጠው፣ የትኛውም ሌንስ አያድናችሁም። ወደ ቤት ሂዱ፤ ቡና ጠጡ።

አራተኛ፣ ወፉን አንብቡት። ላባውን እያስተካከለ ከሆነ፣ አንድ እግሩን አጥፎ ከቆመ ሰላም ነው። ደጋግሞ ካያችሁ፣ ወደ ፊት ካዘነበለ፣ ኩሱን ከጣለ ግን ሊነሳ ነው። ያኔ ሞተሩን ሳታስነሱ ዝም በሉ፤ አትጠጉ። እኔ ጥሩ ፎቶ የምለው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላም ወፉ እዚያው ተቀምጦ የቀረበትን ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። የበረራ ፎቶ ለማግኘት ለእረኛ ልጅ ብር ሰጥቶ ድንጋይ የሚያስወረውር አለ። ሥጋ ጥሎ የሚያስጠጋም አለ። ድንጋዩ ነውር መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም። ሥጋው ግን ደግነት ለሚመስላችሁ፦ ወፉን ሥጋ ከመኪና እንደሚገኝ ታስተምሩታላችሁ፤ ከዚያ አስፋልት ዳር ይጠብቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ደግሞ የእናንተ አይደለም። ለውሻና ለጅብ በሥጋ ተለውሶ የሚጣል መርዝ ባለበት አገር፣ ሜዳ ላይ የተጣለ ሥጋ ሁሉ መልካም ነው ብሎ እንዲያምን ማድረግም ሌላ ጥፋት ነው።

"ቲቸር፣ መኪና የሌለን ምን እንሁን?" ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አላልፈውም። መኪና በዚህ ከተማ የጥቂቶች ነው፤ ነዳጁም እንደምታውቁት ነው። ግን መኪናው የራሳችሁ መሆን የለበትም። አራት ሆናችሁ ላዳ ኮንትራት ያዙ፤ ለግማሽ ቀን ተካፍሎ የሚከፈል ነገር ነው። እሱም ካልሆነ የገበሬውን ጥበብ ተማሩ። አራሹ በሬውን እየነዳ በቅርብ ሲያልፍ ወፉ አይነሳም፤ ምክንያቱም ገበሬው ሥራው ላይ ነው፤ አያፈጥበትም። በእግር ከሆናችሁ አንድ ቦታ፣ ዛፍ ወይም አጥር ተጠግታችሁ ቁጭ በሉና ወፉ እንዲመጣ ጠብቁ። ዋናው ነገር እናንተ እንዳትሄዱበት ነው። መኪና ያላችሁም ብትሆኑ ከመንገድ ወጥታችሁ ወደ ረግረጉ አትግቡ። የአቃቂ መረሬ አፈር መጀመሪያ ሣሩን ያስጨርሳችኋል፣ ቀጥሎ እናንተን ይይዛችኋል።

አንድ ጊዜ ግን ከመኪናው መውረድ ግዴታ ነው፤ ለሰው። ከማሳው ባለቤት፣ ከጥበቃው፣ ከእረኛው ጋር ሰላምታ ሳትለዋወጡ ከመስኮት ረጅም ሌንስ ማውጣት በዚህ ዘመን ጥሩ አይደለም። መሣሪያም ይመስላል፣ ስለላም ይመስላል። ሰው ጓሮው ድረስ መጥቶ በመስታወት የሚያየውን እንግዳ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ወርዳችሁ እጅ ንሱ፣ ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ፣ የወፉን ፎቶ አሳዩዋቸው። ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ማመንጫ፣ ወደ ጥበቃ ያለበት ግቢ ሌንስ አታዙሩ። ከሰላምታው በኋላ ወደ መኪናችሁ ተመለሱና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ይህን ሁሉ የምለው ፎቷችሁን አቅልዬ አይደለም፤ በተቃራኒው ነው። የአቃቂና አባ ሳሙኤል ረግረግ በኢትዮጵያ ለአእዋፍ እጅግ ጠቃሚ ተብለው ከተለዩት 69 ቦታዎች አንዱ ነው። የሀገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ይኸው ውኃ ዛሬ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ቆሻሻ ይዘው የሚገቡበት፣ እምቦጭ የሚንሰራፋበት ሆኗል። ነገ አንዱ "እዚህ ምን አለና ነው? ባዶ ሜዳ ነው" ሲል መልሱ የሚገኘው በእናንተ ፎቶ ነው። ቀንና ቦታ ያለው፣ ጥርት ያለ ፎቶ ማስረጃ ነው። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ካያችሁ ደግሞ ቁጥሩ እስኪነበብ ታገሱ፤ ያ ቁጥር ወፉ የት እንደተፈለፈለ ወይም የት እንደተያዘ ይናገራል። እየሸሸ ያለ ወፍ ቀለበቱን አያስነብብም። ጎጆ ካገኛችሁ ግን ቦታውን ፌስቡክ ላይ አትጻፉ።

በዚህ ቅዳሜ የምትወጡ ካላችሁ ሽምብራውን በከረጢት ሙሉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ተቀመጡ። ጥርት ብሎ የተቀመጠ ንስር ስትልኩልኝ ማርክ እሰጣለሁ። የሸሸ ወፍ የላከ ግን ዜሮ ነው፤ ድሮም ታውቁኛላችሁ።

ቸር ሰንብቱ። ካሜራ ለገዛ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።