ሥሩ የታከመ ጥርስ ሬሳ አይደለም

ሥሩ የታከመ ጥርስ አፍ ውስጥ የተቀመጠ ሬሳ ነውና ሰውነትን ሳይመርዝ ይነቀል የሚለው አስተያየት መነሻው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዌስተን ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1923 ያሳተመው ሥራ ነው፤ ፕራይስ የተነቀሉ ጥርሶችን ከጥንቸሎች ቆዳ ሥር ቀብሮ እንስሳቱ ሲታመሙ ቢያይ፣ በሽታው ከታከመ ጥርስ ወደ ሰው አካል ይዛመታል ሲል ደምድሟል። ይሁን እንጂ ሙከራው ጥርሶቹ ሲነቀሉ በአፍ ባክቴሪያ መበከላቸውን በቅጡ ያላገናዘበ ስለነበር፣ ጥብቅ ቁጥጥር የተደረገባቸው ኋለኞቹ ጥናቶች ውጤቱን ሊደግሙት አልቻሉም።

የጥርስ ሥር ሕክምና በሽታን አፍኖ ማስቀመጥ አይደለም፤ ሐኪሙ ጥርሱን በላስቲክ ሽፋን ከምራቅ ለይቶ፣ የተበከለውን ፐልፕ፣ ማለትም ነርቭና የደም ሥር የያዘውን ለስላሳ የውስጥ ክፍል፣ በቀጫጭን ሞረዶች ጠርጎና ቦዩን በሶዲየም ሃይፖክሎራይት አጥቦ፣ ጉታ ፐርቻ በተባለ ከዛፍ በሚገኝ ጎማ መሰል ቁስ ይደፍነዋል። ሥሩም ከውጭ በኩል በሕያው ጅማትና አጥንት የተያዘ በመሆኑ «ሬሳ» መባሉ ከእውነት የራቀ ነው።

አንዳንዱ ሕክምና እንደሚከሽፍ፣ እስከ ሥሩ የተሰነጠቀ ጥርስም ብዙውን ጊዜ ከመነቀል እንደማይተርፍ አይካድም። ዳሩ ግን መንቀል ራሱ ባክቴሪያን ወደ ደም የሚያስገባና የመንጋጋ አጥንትን የሚያመነምን ስለሆነ፣ ሊድን የሚችልን ጥርስ በመቶ ዓመት ስህተት ተመርኩዞ መንቀል ጥንቃቄ ሳይሆን ጉዳት ነው።