ጥር ክረምት አይደለም

«ዊንተር» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት «ክረምት» ተብሎ ይተረጎማል። ቃሉን ብቻውን ካየነው ችግር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ወራቱን ስንቆጥር ነው። አውሮፓዊ «ዊንተር» ሲል ታኅሣሥን፣ ጥርንና የካቲትን ማለቱ ነው። በእነዚህ ወራት ጎንደር ላይ ያለው ፀሐይ፣ አቧራና የተወቃ እህል ነው፤ በጋ ነው። የኛ ክረምት በሰኔ ይገባል፣ ሐምሌንና ነሐሴን ያጥለቀልቃል፣ መስከረም ላይ ይወጣል።

ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር የምጽፈው ሥራዬ ስላስገደደኝ ነው። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ ስሠራ «የጎንደር የክረምት መዝናኛዎች» የሚል ገጽ መጣልኝ። ውስጡ ጥምቀት አለ፣ የፋሲል መዋኛ አለ፣ ደመና የሌለው ሰማይ አለ። ዳታቤዙን ስከፍት ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ረድፍ ላይ ለሁሉም ቦታ አንድ ቃል ተሞልቷል፦ ዝግ። «ማነው የዘጋው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ዝናቡ ነዋ!» ተባልኩ።

ዝናቡ ምንም አልዘጋም። የጎንደር ቱሪዝም የተቀዳው ከሌላ ሰው የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ ነው። ፈረንጁ ከብርድ ሸሽቶ የሚመጣበት ጊዜ «ሲዝን» ተባለ፤ የቀረው ተጣለ። በዚህ ስሌት ውስጥ ልጆቹን ይዞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አባወራ የለም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ውጭ አገር ያለው ዘመዳችንም ልጆቹን አያታቸው ጋ የሚያመጣው ያኔ ነው፤ እዚያም ትምህርት የሚዘጋው በእነዚሁ ወራት ነውና። የራሳችን ሰው እግሩ ሲፈታ ከተማችን «ዝግ ነን» ትለዋለች።

እስቲ የወይን አገሮችን እንይ። በብርድ ጊዜ የወይን ተክል ቅጠሉን አራግፎ የደረቀ ግንድ ይሆናል፤ የሚታይ ነገር የለም። የፈረንሳይዋ አልዛስ ግን በታኅሣሥ የገና ገበያዋን ዘርግታ በቅመም የፈላ ትኩስ ወይን ትሸጣለች። የካሊፎርኒያው ናፓ ሸለቆ ከጥር ጀምሮ በወይኑ ረድፎች መካከል የሚያብበውን ቢጫ ሰናፍጭ ምክንያት አድርጎ ሰው ይጠራል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ደጁ ሲከፋ እንግዳውን ቤት ማስገባት፣ እሳት ማንደድ፣ ማዕድ ማቅረብ፣ መጠጡን ማን እንደጠመቀው መንገር። ከዚህ ውስጥ የጎንደር ደጋ የጎደለው የትኛው ነው? ቢጫ አበባ ከተባለም አደይ አለን።

ወይኑም ቢሆን ለአካባቢው እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከእንፍራዝ አጠገብ ቃሮዳ በሚባለው ቦታ ወይን እንደሚጠመቅ በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። እኔ ግን የወይን ተክል ይተከልልን እያልኩ አይደለም። ደጋው የራሱ ገብስ አለው።

ስለ ኮረፌ ሰምተው የማያውቁ የአዲስ አበባ ጓደኞች አሉኝ። (ስሙን ስነግራቸው «ማን አኮረፈ?» ይላሉ።) ኮረፌ የቤጌምድር መጠጥ ነው፤ በተለይ ከቅማንት ሕዝብ ጋር ስሙ ይነሳል። ገብሱ ተሸክሽኮ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋር ተደባልቆ ጋን ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ሲፈለግ ከዚያ ላይ ተቀንሶ ውሃ ይጨመርበታል፤ በማግሥቱ ይደርሳል። ይህን አሠራር ልብ በሉት። ፋሲካ ሲያልፍ የተጣለ ጋን ለሐምሌ ይደርሳል፤ ሰው አረም ላይ ውሎ በዝናብ በስብሶ ሲገባ ወይም ድንገት እንግዳ ሲመጣ አዲስ ጥንስስ መጠበቅ አያስፈልግም። ይሄ ክረምትን አስቦ የተሠራ መጠጥ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለ ነገር ቢኖራቸው ኖሮ ሙዚየም ይሠሩለት ነበር።

ጠላውስ? ጋኑ በወይራ ጢስ ይታጠናል፣ ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል፣ እንኩሮው ይታከላል፣ ድፍድፉ ታሽጎ ይሰነብታል። የአንዷ ቤት ጠላ ከጎረቤቷ አይመሳሰልም፤ ውሃው፣ ጢሱ፣ የገብሱ አቆላል፣ የእጇም ነገር አለበት። ወይን ቀማሾች ስለ አፈርና ስለ ኮረብታ የሚያወሩትን ሁሉ አንዲት ጠማቂ ጉሹን ቀምሳ በሁለት ቃል ትጨርሰዋለች፦ «ጌሾ በዝቶበታል።» ይህቺ ሴት ግን በየትኛውም የጉብኝት ፓኬጅ ውስጥ የለችም። ምልክቷ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። በጎንደር ገብቼ በበላሁባቸው ሆቴሎች ሜኑ ላይ ፓስታ አለ፣ ሳንድዊች አለ፣ በጠርሙስ የመጣ ወይን አለ፣ ቢራ አለ። ጠላ ግን የለም። አስተናጋጁን ስጠይቀው በሐፍረት ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው የሚያናድደኝ። ግንቡን ለማደስ ገንዘብ ተገኘ፤ ጥሩ ነው፣ ይታደስ። ድንጋዩ ቅርስ ነው። ግን በየጓዳው ያለውን ሙያ እንደ ድህነት ምልክት እያየን ነው።

ሁሉን ነገር ጥር ላይ ማንጠልጠል ደግሞ አደጋ አለው። በኛ ሙያ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ የቆመ ሲስተም የሠራ ሰው ሥራውን አልሠራም ይባላል። ጎንደር ግን የዓመት ገቢዋን በሦስት ቀን ለመሰብሰብ ትሞክራለች። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ተመዘገበ። በማግሥቱ፣ በ2012 ዓ.ም. በዓል፣ በፋሲል መዋኛ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ በሰው ብዛት ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። በዓሉ የሃይማኖት በዓል ነው፤ ሰው ይምጣ፣ ታቦቱን ያጅብ። የከተማዋን ሆድ ዓመቱን ሙሉ እንዲሞላ መጠበቅ ግን ለበዓሉም ለከተማዋም አይበጅም።

ክረምት ላይ ምን ይታያል ለሚለኝ፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳባትን አልፎ እስከ ደባርቅ መንገዱ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ የጅንባር ፏፏቴ ስሙን የሚያገኘው ያኔ ነው፤ በየካቲት የሄደ ሰው ያየው ገደሉን ነው። ጭላዳዎቹ በበጋ ሥር እየቆፈሩ የሚበሉት ሣሩ ሲደርቅ ነው፤ በክረምት ሜዳው ሙሉ ማዕዳቸው ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፦ ጅራፍ ይጮሃል፣ ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ሙልሙል ይጋገራል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ሥጋና ወተት የለም። የለም ብለን ይቅርታ እንጠይቃለን! ሱፍ ፍትፍቱን፣ ሽሮውን፣ ተልባውን ውጭ አገር «ቪጋን» ብለው በውድ ነው የሚሸጡት። የበቆሎ እሸት ከሰል ላይ፣ የገብስ ቆሎ በሰፌድ፣ ውጭ ዶፍ። ከዚህ በላይ ምን መዝናኛ አለ?

ጉም አለ፤ እውነት ነው፤ ሄደህ ሸንተረሩን ሳታይ ልትመለስ ትችላለህ። ከጉም የሚከፋም አለ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር ጠለምት የመሬት መንሸራተት ሰው ገድሏል። ስለዚህ በክረምት ገደል ለገደል መሄድ ይቀነስ፤ የክረምቱ ጉብኝት ምድጃ ዙሪያ ይሁን የምለው ለዚህም ነው። የንጽሕናው ጥያቄም ተገቢ ነው። ጠላ ባልፈላ ውሃ ከተበረዘ እንግዳውን ያሳምማል። መፍትሔው ግን ውሃውን ማፍላት፣ ጠማቂዎቹን ማሠልጠንና ለድካማቸው መክፈል ነው። የወይን ጠማቂውም ንጽሕናን የተማረው ገንዘብ ስላገኘበት ነው።

ትልቁ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «ሰላም በሌለበት የምን ጉብኝት?» ይሄን የሚለኝን ሰው አልከራከረውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነት ዳባት ወረዳ ድረስ ገብቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ጦርነት ውስጥ ነው፤ በየመንገዱ እገታ አለ፣ የደባርቅ በቅሎ ነጂና አስጎብኚ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ማንንም «ነገ ተነሥና ሂድ» አልልም። ግን ሰላም ሲወርድ ከመሳቢያው የሚወጣው ዕቅድ የትኛው ነው? ያው የድሮው ከሆነ፣ በቅሎ ነጂው ከሰላሙ በኋላም ሐምሌና ነሐሴን ሥራ ፈትቶ ይከርማል።

መንግሥትን መጠበቅ የማያስፈልገው ክፍል አለ። አንድ ሆቴል ከጎረቤት ጠማቂ ሁለት ጋን ጠላ በተገቢ ዋጋ ለመግዛት ከአዲስ አበባ ፈቃድ አይፈልግም። የጎንደር ከተማ ሰው ዛሬም በየሰፈሩ ጠላ ቤት ይገባል፤ ጠማቂዎቹን በስም ያውቃቸዋል። ሜኑው ላይ «ጠላ» ብሎ ብቻ መጻፍ ግን አይበቃም። የጠማቂዋ ስምና ሰፈሯ አብሮ ይጻፍ፤ ጠርሙሱ ላይ የወይን ጠማቂው ስም ይጻፍ የለም እንዴ?