ከፍሎ መሳቂያ መሆን

መርሳ ላይ ቪዲዮ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? የዛሬውን አይደለም የምለው። ዛሬማ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ቤቱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚዞረው። የድሮውን ነው የምላችሁ፤ የጣውላ አግዳሚ የተደረደረበት፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ፣ ፊት ለፊት አንዲት ቴሌቪዥን ከፍ ብላ የተቀመጠችበት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር «ሳንቲማችንን መልስ!» የሚባልበት ቤት።

«ትዊንስ» የተባለውን ፊልም ያየሁት እዚያ ነው። አርኖልድ ሽዋዚንገርና ዳኒ ዴቪቶ የሠሩት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 የወጣ ፊልም ነው። ያ ግዙፉና ይህ አጭሩ መንታ ወንድማማቾች ናቸው። ተለያይተው አድገዋል። አንዱ ደሴት ላይ መጽሐፍ ሲያነብ የኖረ የዋህ ነው፤ ሌላው በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ፣ መኪና እየሰረቀ የሚኖር አጭበርባሪ። ከእንግሊዝኛው እንኳ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚገባው ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ግን ሁለቱ ጎን ለጎን በቆሙ ቁጥር ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ስንወጣ ግማሻችን ግዙፉን፣ ግማሻችን አጭሩን እየሆንን ነው ወደ ቤታችን የሄድነው። አጭሩን መሆን ያሳፈረው ልጅ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ወልዲያ ላይ የአማርኛ አስቂኝ ፊልም ይታያል ተብሎ አዳራሽ ገባሁ። የፊልሙን ስም ተዉት። ታሪኩን ስነግራችሁ አንዱ ሳይሆን ሃያ ፊልም ትዝ ይላችኋል። ባላገሩ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ አዲስ አበባ ይገባል። በሆነ አጋጣሚ የሀብታም ልጅ ቤት ይደርሳል። ማቀዝቀዣውን ቁም ሳጥን ይለዋል፤ ሶፋው ላይ መቀመጥ ይፈራል። ልጅቷ መጀመሪያ ትጸየፈዋለች፣ ቀጥሎ ትስቅበታለች፣ መጨረሻ ላይ ትወደዋለች።

እና ይህ ሰውዬ፣ ልጅቷ ስታለቅስ አግኝቷት «አብሽሪ» አላት። አዳራሹ ተናወጠ! ፉጨቱ፣ ጭብጨባው! እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም። አጠገቤ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ተቀምጠዋል። አብሯቸው የመጣው ጎረምሳ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ምን ስላላት ነው የምትስቁት?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ ‹አብሽሪ› ስላላት ነው።»

«እና ታዲያ አይዞሽ ነው እኮ ያላት!»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

«አብሽር» ማለት ለወሎ ሰው ምን እንደሆነ ላላደገበት ማስረዳት ይከብዳል። ከአረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ ምሥራች ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ለታመመ ይባላል፣ ከብቱ ለሞተበት ይባላል። ያን ቀን የሳቅነው እንግዲህ በዚህ ቃል ነው፤ ያውም ቃሉን እየሰማን ባደግንበት ከተማ፣ ያውም ትኬት ቆርጠን። «በገዛ ዳቦዬ ልብልቡን አጣሁት» ይሏል ይህ ነው።

ነገሬን እንዳታጣምሙብኝ። ያልተመጣጠኑ ሰዎችን አጣምሮ ማሳቅ አያስፈልግም አላልኩም። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አገር አስቀዋል። ለዚህ ዓይነቱ ጥንድ አማርኛው ራሱ ግሩም ቃል አለው፤ «ያላቻ» ይለዋል። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። ከያላቻው ጥንድ ውስጥ የሚሳቅበት የትኛው ነው?

መንግሥቱ ለማ ይህን ጥያቄ ከስድሳ ዓመት በፊት መልሶታል። በ1957 ዓ.ም. የታተመው «ያላቻ ጋብቻ» የተሰኘ ተውኔቱ ከስሙ ጀምሮ የማይመጣጠኑ ሰዎች ኮሜዲ ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣው የትልቅ ሰው ልጅ ባሕሩ ሹመቱን ትቶ ገጠር ይወርዳል፤ ጭራሽ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ይነሣል። አሁን ይህን ታሪክ ለዛሬዎቹ ፊልም ሠሪዎቻችን ስጧቸው። ሠራተኛዋ ሹካ ስትጨብጥ፣ ሠራተኛዋ ስልክ ስታነሣ፣ ሠራተኛዋ በተረከዝ ጫማ ስትወድቅ እያሳዩ ሁለት ሰዓት ያስቁን ነበር። መንግሥቱ ግን ሳቁን ያነጣጠረው ወደ ላይ ነው። የሚያስቁን ዘር ቆጣሪዎቹ ናቸው፤ «የማን ልጅ ናት?» ብለው እንቅልፍ የሚያጡት። ንጉሥ በዙፋን ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው ይህን የጻፈው! የእኛ ዘመን ደራሲ ዘውድ በሌለበት አገር ባላገሩ ላይ ይስቃል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ይህን ስል የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «መጨረሻ ላይ እኮ የሚያሸንፈው ባላገሩ ነው! ልጅቷን የሚያገባው እሱ ነው!» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ያገባታል። ግን መቼ ነው የሚያገባት? ጸጉሩን ከተስተካከለ፣ ሱፉን ከለበሰ፣ አነጋገሩን ካስተካከለ በኋላ ነው። በሠርጉ ዕለት «አብሽሪ» አይላትም። እንግዲህ ያሸነፈው የትኛው ሰውዬ ነው? ባላገሩማ ፊልሙ አጋማሽ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ቀርቷል።

«ሳቅ ነው፣ ምን ታካብዳለህ?» የሚለኝም አይጠፋም። እሱንም ልመልስ። ወልዲያ ለትምህርት ከገባ ስድስት ወር ያልሞላው የሐብሩ ልጅ እናቱ ስትደውልለት ከጓደኞቹ ራቅ ብሎ ሲያወራ አይቻለሁ። ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ አማርኛውም አብሮ ይለወጣል። ይህን ልጅ እፍረት ያስተማረው መምህር የለም። ፊልሙ ብቻውን አስተማረው አልልም፤ ፊልሙ ላይ የሳቅነው ሰዎች ግን አስተምረነዋል።

በዚያ ላይ የእኛ አካባቢ ሰው ከካሜራ ጋር የቆየ ቁስል አለው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት የግብዣ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በአገራችን ቴሌቪዥን ተላለፈ። እውነት ነበር፤ መታየትም ነበረበት። ግን ከዚያ ወዲህ የወሎ ገበሬ በስክሪን ላይ ብቅ ባለ ቁጥር አስቡት፤ ወይ እጁን ለእርዳታ የዘረጋ ነው፣ ወይ አፉን በማቀዝቀዣ ፊት የከፈተ። ወይ ይለቀስለታል፣ ወይ ይሳቅበታል። ማሳው ላይ ሲያስብ፣ ሲከራከር፣ ራሱ ቀልዶ ሌላውን ሲያስቅ የምናየው ስንት ጊዜ ነው?

ለነገሩ ያላቻ ጥንድ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ? ሐብሩ ውስጥ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ባለሙያ አዲስ የማሽላ ዘር ይዞ፣ አርባ ዓመት ማሽላ የዘሩ አዛውንት ማሳ ላይ ይቁም። እሱ በወረቀት ያወራል፣ እሳቸው ደመናውን እያዩ ይመልሱለታል። አንድ ጊዜ እሱ ይሳሳታል፣ አንድ ጊዜ እሳቸው። ይህ አያስቅም? ወይም ደግሞ የወሎን ሠርግ ውሰዱ። የልጁ ስም የክርስቲያን፣ የአባቱ ስም የሙስሊም የሆነበት ቤት በእኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ሠርግ ሲደገስ ለየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ በመሀል «የቱ የማን ነበር?» የሚል ግራ የተጋባ አስተናጋጅ! ማንም ማንንም ሳይንቅ ሆድ እስኪቆስል የሚያስቅ ፊልም እዚህ ተቀምጧል። የሚጎድለው የሚያየው ሰው ነው።

ፊልም ሠሪው ግን ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም የቀለለውን የመረጠው። «አብሽሪ» ሲባል አዳራሹ እንደሚናወጥ አይቷል። እኛ ነን ያሳየነው። ነጋዴ የሚሸጥለትን ያመጣል። ስለዚህ ዱላዬን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ መወርወሬን ላቁምና ግማሹን ለራሴ ላስቀር፤ ያን ቀን ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝና።

ሳቅ ይከልከል አልልም፤ ሳቅ የሚከለከልበትን አገር እግዜር ያርቅልን። የምለው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ባላገሩ አፉን ሲከፍትና አዳራሹ ሲናወጥ፣ ከመሳቃችሁ በፊት የእኚያን እናት ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁ። ምን ስላለ ነው የምስቀው? መልሱ «እንደ እናቴ ስለተናገረ» ከሆነ፣ ያ ፊልም የትኬታችሁን ገንዘብ ብቻ አይደለም የወሰደባችሁ።