የቦዮ እንግዶችና የቦዮ ባለቤቶች

በበጋው ወራት ማለዳ ከሆሳዕና ተነሥቶ በስተምሥራቅ ወደ ሻሾጎ የሚወርድ መንገደኛ፣ እንሰትና ባሕር ዛፍ የከበበውን ደጋ ትቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ የቦዮን ረግረግና ሐይቅ ያገኛል። ከደጋው የሚወርዱት ወንዞች ጉልበታቸው አልቆ፣ የተሸከሙትን ደለል ጥለው በሣሩ መካከል የሚበተኑት በዚህ ሥፍራ ነው። ውኃው በክረምት ይሰፋል፤ በበጋ ይሸሻል፤ በሸሸበትም ላይ ከብት ይሰማራል። ቦታው የቢላቴ ተፋሰስ አካል ሲሆን፣ ቢላቴም ጉዞውን የሚፈጽመው አባያ ሐይቅ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ለአዕዋፍ እጅግ አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 69 የአገሪቱ ሥፍራዎች አንዱ ቦዮ ነው። ምክንያቱም በተለይ ክሬን በሚባሉት ረጃጅም እግርና አንገት ባላቸው ወፎች ነው። ከመንጋጋው ሥር ነጭ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ዓይነት በክረምት ረግረግ ውስጥ ጎጆውን ሠርቶ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ለዐቅመ መብረር የሚደርሰውም ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ግራጫው ክሬን ደግሞ የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣ የበጋ እንግዳ ነው። ይህን ለማየት በእግሩ የሚንሸራሸርና አቅርቦ ማሳያ መነጽር የያዘ ጎብኚ ሊመጣ መቻሉ የማያጠራጥር ነው። በከምባታም የአምባሪቾን ተራራ 777 ደረጃዎች ለመውጣት ከሩቅ የሚመጣ ሰው መኖሩ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ጎብኚው ጤፍ ረግጦ፣ ለሕፃናት ሳንቲም በትኖ የሚመለስ ከሆነ፣ ረግረጉን ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ምን አተረፈ? ወፉ የተዘራ እህል ከመሬት ለቅሞ ሲበላ የሚጎዳው ገበሬው ነው። ሣሩ ተከለለ ሲባልም ከብቱ የሚራብበት እሱ ነው። መቶ ከብት ያስቆጠረ ሰው «ጢቢማ» ተብሎ በሚከበርበት በሐድያ፣ ስለ ግጦሽ ሳይነጋገሩ ስለ ወፍ መነጋገር ትርፉ ጠብ ነው።

መልሱ ግን ረግረጉን አጠንፍፎ ማረስ አይደለም። ረግረግ የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ ቀስ በቀስ የሚለቅ ማጠራቀሚያ ነው። ተቦይ ተቆፍሮለት ሲደርቅ ውኃው ማሳና ቤት ፍለጋ ይሄዳል፤ በበጋም የግጦሹ እርጥበት ይጠፋል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአቢጃታ ሐይቅ በፓርክ ተከልሎ ሳለ፣ ከራሱ ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ምርት፣ ከሚመግቡት ወንዞችም ለመስኖ ውኃ ሲወሰድ ቆይቶ እጅግ ሸሽቷል። ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ደሴቶች የሚፈለፈሉትና ከአቢጃታ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ትልልቅ የውኃ ወፎችም ምግባቸውን አጡ። የፓርክ ስም ብቻውን ውኃ አላቆመም።

ሌላው ጉዳይ ደለሉ ነው። በሌሞና በአካባቢው ተዳፋት ያለ እርከን የሚታረሰው አፈር፣ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ ቆላ ባለው ወንድም ማሳ ላይና በሐይቁ ውስጥ ይተኛል። የጓሮ እንሰት ያለበት ቦታ አፈሩን ሲይዝ፣ ከጎኑ ያለው የእህል ማሳ ሲሸረሸር ዘወትር የምናየው ነው። ስለዚህ የቦዮ ጥበቃ የሻሾጎ ሰው ሥራ ብቻ ነው ብሎ የደጋው ማኅበር መሪ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባውም። በየዓመቱ በበጋ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ከላይ ካልተጀመረ፣ ታች ያለው ድካም ከንቱ ነው። (እርከን ተሠራ ብሎ ሪፖርት መላክና እርከኑን በሚቀጥለው ክረምት ቆሞ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ።)

ስለ እንግዶቹ ሥራው ከባድ አይደለም። የእግር መንገዱ ማሳን ሳያቋርጥ በረግረጉ ጠርዝ ይሂድ። ወፎቹን የሚያውቁ እረኞችና ወጣቶች በተራ መሪ ይሁኑ፤ ወደ ጎጆ ማንንም አያስጠጉ። የሚከፈለው ገንዘብ በደረሰኝ ገብቶ፣ ስንት እንደተሰበሰበና በምን ላይ እንደዋለ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ። የግጦሹን ጉዳይ የሚወስኑት ሽማግሌዎችና ከብት ያላቸው እናቶች ጭምር ይሁኑ፤ ወፉ በሚፈለፈልበት ወቅት የሚከለለው ቦታ ጠባብና የታወቀ፣ ቀሪው ለከብት ክፍት ይሁን። ሰብሉ በወፍ የተበላበት ገበሬም ከእንግዳው ገቢ ቅድሚያ ይካስ፤ ያለዚያ ወንጭፉን እንዲያስቀምጥ የሚጠይቀው መሪ አፍ አይኖረውም።

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆናለች። ወደ ቦዮም ዓይኑን የሚጥል ባለሙያም ሆነ ባለሀብት መምጣቱ አይቀርም። የረግረጉ አዋሳኝ ማኅበራት መሪዎች፣ የደጋዎቹም ጭምር፣ የሰሜኑ ወፎች ሳይደርሱ ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የግጦሹን ወሰንና የደረሰኙን ያዥ ቢወስኑ፣ ለሚመጣው ሁሉ የሚያቀርቡት የራሳቸው ቃለ ጉባኤ ይኖራቸዋል።