ፍጥነት ከባሩድ ጉልበት ብቻ አይመጣም

ቅዳሜ ከሰዓት ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይባቸው ቤቶች ኳስ ከሩቅ ተለግታ መረብ ከነካች «ጥይት!» የማይል የለም። ሮቤርቶ ካርሎስ እ.ኤ.አ በ1997 ሊዮን ላይ ባርቴዝን ያስደነገጠባት ቅጣት ምት ግን በጉልበት ብቻ የገባች አልነበረችም። ዝም ብሎ ቢለጋት ትሪቡን ላይ ባረፈች ነበር። አመታቱ ነው ያጠፋት።

የእውነተኛው ጥይትም ነገር እንዲሁ ነው። የዒላማ ተኩስ ከ1896ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ ጀምሮ ያለ ስፖርት ሲሆን ውድድሩ የተከፈተው ከዓድዋ ድል በኋላ በወር ከሳምንት ውስጥ ነው። በውጭው ዓለም ብዙ ተኳሾች ባዶ ቀለህ ሰብስበው ባሩድና አረሩን ራሳቸው ይሞላሉ። ታዲያ የአዲስ ገቢው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ የቱ ባሩድ ያፈጥናል?

ጥያቄው ራሱ ሰው ያሳስታል። ቶሎ የሚነድ ባሩድ ግፊቱን በሙሉ ገና ጥይቱ ከጎረሰበት ቦታ ሳይወጣ ይለቀዋል። ለአጭር ሽጉጥና ለቀላል አረር ደህና ነው። ረጅም አፈሙዝና ከባድ አረር ላለው ጠመንጃ ግን የሚበጀው ቀስ ብሎ የሚነደው ነው፤ አረሩን እስከ አፈሙዙ ጫፍ እየገፋ ይሸኘዋል፤ ግፊቱ ከልክ ሳያልፍ ፍጥነት ይገኛል። የሽጉጥ ባሩድ በጠመንጃ ቀለህ መሙላት ጠመንጃውን ከነተኳሹ ማጥፋት ነው። ደግሞ ፈጣኑ ባሩድ ቀለሁ ውስጥ ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚይዝ ሁለት ጊዜ ቢሞላ እንኳ አይታይም። ቀለሁን ሞላ የሚያደርገው ግን ቢደገም ይፈሳል፤ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። ዋናው ደህንነት ያለው እዚህ ላይ ነው! የቀረው የአምራቹን ሠንጠረዥ ማክበር፣ ከዝቅተኛው መጠን መጀመርና በግምት አለመጨመር ነው። ለመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት የሚከፈለው ግፊት ብዙ ነው።

ነገሩ ለሐበሻ አዲስ አይደለም። ከሲ.ኤም.ሲ ቀና ሲሉ የሚታየው እንጦጦ የምኒልክ መቀመጫ በነበረበት ዘመን ተፈላጊው ጠመንጃ ውጅግራ ነበር፤ የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ መሆኑ ነው። ጥይቱ ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ባዶው ቀለህም አይጣልም፣ ተመልሶ ይሞላል። ያ ሁሉ የሆነው ግን በጥቁሩ ባሩድ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ ጭስ አልባውን የፈለሰፈው በ1884፣ ማለትም ውጅግራ ከተሠራ ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ የውጅግራ ብረት ለዚያ ግፊት አልተሠራም።

ስጋቱ ታዲያ ሠርግና ለቅሶ ላይ ነው። በአማራ ክልል ገጠሮች የአያት ጠመንጃ ወጥቶ ወደ ሰማይ ሲተኮስ፣ ውስጡ ያለው ባሩድ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ስንት ነው? ከሌላ ጥይት ተፈልቅቆ የተሞላ ከሆነ መቀርቀሪያው የሚመለሰው ወደ ተኳሹ ግንባር ነው። አጠገቡ ደግሞ የሚያጨበጭቡ ልጆች አሉ።